የፊኒክስ ሐሩርና አንዲት የመዋኛ ገንዳ

አንባቢዬ ሆይ፤ በሐምሌ ወር አዲስ አበባ ምን እንደምትመስል ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ጃንጥላዎን ዘርግተው ወደ መሥሪያ ቤት ሲገሠግሡ ጭቃው ጫማዎን ይዞ ያስቀራል፤ ከሰዓት በኋላም በረዶው የቆርቆሮውን ጣራ ሲደበድበው ጎን ለጎን ተቀምጦ መነጋገር ያስቸግራል። እንግዲህ በዚያው ወር ካፖርትዎን እንደ ደረቡ በአውሮፕላን ተሳፍረው፣ በአሜሪካን አገር በአሪዞና ክፍለ ግዛት ከምትገኘው ከፊኒክስ ከተማ ቢወርዱ ምን የሚቀበልዎ ይመስልዎታል? የአውሮፕላን ጣቢያው በር ሲከፈት ፊትዎን የሚመታው አየር የእንጀራ ምጣድ አክንባሎ ሲነሣ የሚወጣውን ትኩሳት ይመስላል። ልዩነቱ የምጣዱ እንፋሎት እርጥብ፣ የፊኒክሱ ግን ደረቅ መሆኑ ነው። ይህን «ደረቅ» የሚለውን ቃል እባክዎ ያስታውሱልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

እኔ የደረስሁት በ2023 ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የዚያ ዓመት ሐሩር በከተማዪቱ መዝገብ ውስጥ ስሙን አጽፏል። ከሰኔ 30 እስከ ሐምሌ 30 ድረስ ለ31 ቀን ያህል፣ አንድም ቀን ሳያርፍ፣ ሙቀቱ በየዕለቱ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አለፈ። የአገሬው ሰው በፋራናይት ስለሚቆጥር «መቶ አሥር» ይለዋል። ቀኑስ ቀን ነው፤ የሚያስገርመው ሌሊቱ ነው። ሐምሌ 19 ቀን ሌሊት የአየሩ ሙቀት ከ36 ዲግሪ በታች አልወረደም። ጎሕ ሲቀድ፣ እኛ ጋቢ በምንከናነብበት ሰዓት ማለቴ ነው! ለነገሩ ይህች ከተማ ከዚያም የባሰ አይታለች፤ በ1990 ሰኔ 26 ቀን 50 ዲግሪ ደርሶ ነበር።

«ታዲያ ሰው በዚህ በረሃ ውስጥ ምን ሊያደርግ ሰፈረ?» ቢሉ፣ መልሱ ውሃ ነው። የሶልት ወንዝ በዚያ ያልፋል። ሆሆካም የሚባሉት የጥንት ነዋሪዎች ከወንዙ ረጃጅም ቦዮች ቆፍረው በቆሎና ጥጥ ያመርቱ ነበር፤ እስከ 1450 ገደማ ከኖሩ በኋላ መንደራቸውን ትተው ሄዱ። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ጃክ ስዊሊንግ የተባለ ሰው ደርሶ፣ የተደፈኑትን የጥንት ቦዮች አስጠርጎ ውሃ ለቀቀባቸው። አዲሱ መንደር በ1868 ሲቆረቆር፣ ከአሮጌው ፍርስራሽ ላይ የተነሣ ነውና፣ ከራሷ አመድ ትነሣለች በምትባለው ወፍ ስም ፊኒክስ ተባለ። በ1911 ትልቁ የሩዝቬልት ግድብ ተፈጸመ። ዛሬ ደግሞ ከኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣ 540 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ቦይ በረሃውን አቋርጦ ውሃ ያመጣላታል። ከተማዪቱ ብቻዋን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሕዝብ አላት፤ ከእነዚህም ውስጥ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ቡና የሚያፈሉ የአገራችን ቤተሰቦች ይገኙባቸዋል።

የእኔ ባለቤቶች እንዲህ ያሉ ናቸው። የአጎቴ ልጅ በመጋዘን የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ ባለቤቱ ቀን ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ወንዱ የ11፣ ሴቲቱ የ8 ዓመት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤቱ እመቤት እናቱ ናቸው፤ እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ። በድሬዳዋ ከዚራ ተወልደው ያደጉ፣ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። በሐምሌ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ አያትና የልጅ ልጆች መጋረጃ በተጋረደበት ክፍል፣ የአየር ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም እየሰሙ ይውላሉ። በቀትር ወደ ውጭ መውጣት የለም፤ አስፋልቱ በባዶ እግር ለረገጠው ያቃጥላል። «እኔ እኮ እስረኛ ነኝ፤ ልዩነቱ ምግቤ መልካም መሆኑ ነው» አሉኝ እትዬ በደረስሁ ዕለት።

ስለዚህ የአጎቴ ልጅ በግቢው ውስጥ ገንዳ አቆመ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ በመስኮት ቢመለከቱ በየግቢው ሰማያዊ ነጠብጣብ ያያሉ፤ አብዛኞቹ በመሬት የተቆፈሩ፣ የባለጠጎች ወይም የባለቤቶች ገንዳዎች ናቸው። ተከራይ ግን የሰው መሬት አይቆፍርም። ለእርሱ የሚሆነው ከመሬት በላይ በብረት እግሮች የሚቆም፣ ወፍራም የፕላስቲክ ሸራ በውስጡ የተዘረጋበት፣ ሲለቁ ነቅለው ይዘውት የሚሄዱት ገንዳ ነው። የእኛው ገንዳ ወርዱ አራት ሜትር ተኩል፣ የግድግዳው ቁመት አንድ ሜትር ከሃያ፣ የሚይዘው ውሃ ወደ 17 ሺህ ሊትር ነበር።

መጀመሪያ ምሽት ዋና ልብሴን ለብሼ፣ «እፎይ» ልል ተዘጋጅቼ ገባሁ። አንባቢዬ፣ እፎይታ አላገኘሁም። በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ቴርሞሜትር 35 ይላል። ለጉንፋን የሚዘፈዘፉበት የሞቀ ሳፋ እንጂ የመዋኛ ገንዳ አልነበረም። ትንሿ ልጅ በገንዳው ጠርዝ ላይ ተደግፋ፣ «ጋሼ፣ ሻይ ቅጠል ብንጨምርበትስ?» አለችኝ። ልጆቹ መግባቱን ትተውት ነበር። አባታቸው ግን ከደመወዙ ቀንሶ የገዛው ነውና ዝም ብሎ ሊተወው አልቻለም፤ ከሥራ መልስ እንቅልፍ ሳይተኛ ከገንዳው ጋር ይታገል ነበር።

ያደረገውን ሁሉ ልንገርዎ፤ እርስዎም በእርሱ ቦታ ቢሆኑ ይህንኑ ያደርጉ ነበርና። መጀመሪያ ከቧንቧ አዲስ ውሃ ጨመረበት። ነገር ግን በፊኒክስ በሐምሌ «ቀዝቃዛ» የሚባለው ቧንቧ ራሱ ሙቅ ውሃ ነው የሚሰጠው፤ ቧንቧዎቹ የተቀበሩበት መሬት ግሏልና። ቀጥሎ ፀሐይ እንዳይነካው ብሎ ሰማያዊ የፕላስቲክ ልባስ በውሃው ላይ አነጠፈበት። ውሃው ይብሱን ሞቀ። በሦስተኛው ቀን ከሱቅ ስድስት ከረጢት በረዶ፣ በጠቅላላው 54 ኪሎ ያህል፣ ገዝቶ ጨመረ። ልጆቹ በደስታ ጮኹ፤ በረዶው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጠፋ፤ ቴርሞሜትሩ ግን የተነቃነቀ አይመስልም ነበር።

ለምን? ሒሳብ የሚወዱ ተማሪ ከሆኑ እርሳስዎን ያንሡ። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ አንድ ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ከውስጡ ማውጣት ያስፈልጋል። እንግዲህ ለ17 ሺህ ሊትር 17 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ለመቅለጥ 80 ኪሎ ካሎሪ ይወስዳል፤ ከቀለጠ በኋላ እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ሌላ 30 ይጨምራል፤ ድምሩ 110 ነው። ቢያካፍሉት ገንዳውን በአንዲት ዲግሪ ብቻ ለማቀዝቀዝ 155 ኪሎ ያህል በረዶ ያስፈልጋል። በአምስት ዲግሪስ? የጭነት መኪና ይጥሩ። የአጎቴ ልጅ 54 ኪሎ የገዛው ሲሶ ዲግሪ ነበር።

ይህን ሒሳብ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በወረቀት ስንሠራ እትዬ ቡና እየቆሉ ያዳምጡን ነበር። ካሎሪ ምን እንደ ሆነ አልጠየቁንም። «እናንተ ልጆች» አሉን፣ «ድሬዳዋ ውሃ በምን ይቀዘቅዝ ነበር? በረዶ ማን ነበረው? እንስራው ጥላ ሥር፣ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ይቀመጣል። ገላው ያልበዋል። ሲያልበው ውስጡ ይቀዘቅዛል። ይህ የላስቲክ ነገራችሁ የት በኩል ያልበዋል? ጭራሽ ደግሞ አፉን በልባስ አፈናችሁት።»

ከዚህ በኋላ በሒሳቡ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ መጨመር ቀረን። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ወደ አየር ሲሄድ ከቀረው ውሃ 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይዞ ይሄዳል። 17 ሺህን ለ580 ቢያካፍሉ 29 ያገኛሉ። 29 ሊትር የሚተን ውሃ የ155 ኪሎ በረዶን ሥራ ይሠራል! ሱቅም መሄድ አያስፈልግም፤ ያ «ደረቅ» ያልሁዎት አየር ውሃ ለመጠጣት አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። በዚያ ዓመት ደግሞ በሐምሌ ይመጣ የነበረው ዝናብ ቀርቶ አየሩ ከወትሮው ይልቅ ደረቅ ሆኖ ነበር። ከባሕር ዳር ባለ ከተማ፣ አየሩ በእርጥበት በጠገበበት፣ ይህ ዘዴ ብዙ አይረዳም። የባሕር ሰላጤ አገሮችን በነሐሴ ያየ ሰው የምለውን ያውቃል።

ለፊኒክስ ሰዎችም ነገሩ አዲስ አልነበረም። የአየር ማቀዝቀዣ ከመምጣቱ በፊት ነዋሪዎቹ አልጋቸውን ወደ በረንዳ አውጥተው፣ አንሶላቸውን በውሃ ነክረው ይተኙ ነበር። ኋላም በ1930ዎቹ ዓመታት በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ በማራገቢያ ነፋስ የሚያሳልፍ ሣጥን በየመስኮቱ ተሰቀለ። የአንሶላው፣ የሣጥኑና የእትዬ እንስራ ብልሃት አንድ ነው።

ሥራችንን የጀመርነው በጥላው ነው። ገንዳውን የሚያሞቀው ፀሐይ በቀን ምን ያህል እንደ ሆነ ብንገምት፣ ውሃው ምንም ሳይመልስ ሁሉንም ይዞ ቢያስቀር፣ በአንድ ቀን አምስት ዲግሪ ገደማ ከፍ ሊል ይችላል። ልባሱን ከውሃው ላይ ገፈን ጣልነው፤ እርሱ ብርሃኑን አሳልፎ ትነቱን ይከለክላል፤ ለቀዝቃዛ አገር ሰዎች የተሠራ ነው። በምትኩ ነፋስ የሚያሳልፍ ወንፊት መሰል ሸራ በአራት ምሰሶ ከውሃው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርገን ወጠርን። ጥላው ከውሃው ርቆ ሲሰቀል ከሥሩ ነፋስ ያልፋል። አንድ ነገር ግን ረስተን ነበር። በመሬት የተቆፈረ ገንዳ ጎኑ አፈር ነው፤ የእኛው ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ የቆመ ነው። ስንለካው ውሃ የሚደርስበት የግድግዳው ስፋት 15 ካሬ ሜትር ከምናምን ሆኖ ከላይኛው የውሃው ፊት ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም! በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ ከሰዓት በኋላ በእጄ ብነካው አቃጠለኝ። ነጭ አሮጌ አንሶላዎች ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራርቀን ዙሪያውን ጋረድንበት። መልኩ የሰርግ ዳስ መሰለ፤ ልጆቹም «ሙሽራዋ የት አለች?» እያሉ አሾፉብን።

ከዚያ ገንዳው ላብ እንዲወጣው አደረግን። ከማጣሪያው ፓምፕ ውሃ በሚመልሰው ቱቦ ላይ በጎሚቶ ወደ ላይ የሚቆም የፕላስቲክ ቱቦ ቀጠልን፤ ጫፉን ደፍነን፣ አግድሙን በትራፓኖ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረግነው። ፓምፑ ሲነሣ ውሃው እንደ ቀጭን ዝናብ ወደ አየር ተረጭቶ ወደ ገንዳው ይመለሳል። የአጎቴ ልጅ ቀድሞ ፓምፑን ቀን ነበር የሚያስነሣው፤ ውሃውም በፀሐይ በጋለው ጎማ ውስጥ እየዞረ የባሰ ይሞቅ ነበር። አሁን ፓምፑ ሥራውን የሚጀምረው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን የሚያቆመው ንጋት ላይ ነው። (አሪዞና በበጋ እንደ ሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች ሰዓቷን ወደ ፊት አትገፋም። ፀሐይ አንድ ሰዓት ዘግይታ እንድትጠልቅባቸው ማን ይፈልጋል?)

በመጀመሪያው ምሽት ቴርሞሜትሩ 34 ይላል። ሌሊቱን ሙሉ የውሃው ድምፅ ክረምት የገባ አስመሰለው፤ እኔማ በእንቅልፍ ልቤ አዲስ አበባ ያለሁ መስሎኝ ብርድ ልብስ ፈለግሁ። ንጋት ላይ ከልጁ ጋር ወጥተን ስናይ 30 ከግማሽ! የሌሊቱ አየር 34 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ውሃው ከአየሩ በታች ወርዶ ነበር። ልጁ ልብሱን እንደ ለበሰ ዘሎ ገባ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ቀኖች፣ ጥላው የቀኑን እየከለከለ ፏፏቴው የሌሊቱን እያወጣ፣ ውሃው በ29ና በ31 መካከል ዋለ አደረ።

ነገር ግን ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለምና ዋጋውን ልደብቅብዎ አልፈልግም። በግድግዳው ላይ በቀለም ምልክት አድርገን ነበር። በየማለዳው ውሃው 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጎድሎ እናገኘዋለን፤ ይህም 130 ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሰው ገላውን የሚታጠብበት ያህል። በሌላ አገር ማን ይቆጥረዋል? በፊኒክስ ግን ይቆጠራል። በ2021 ነሐሴ ወር የአሜሪካን መንግሥት በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የውሃ እጥረት መኖሩን በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አወጀ፤ በ2022 የአሪዞና ድርሻ ሲቀነስ ዋናው ጉዳት የወደቀው በገበሬዎች ላይ ነው። ስለዚህ በገንዳ ጉዳይ ሁለት ፍላጎት ይጋጫል፤ ውሃውን ቢሸፍኑት ይተርፋል፣ ግን ይሞቃል፤ ቢገልጡት ይቀዘቅዛል፣ ግን ይጠፋል። እኔ በበኩሌ ጥላውን የማስቀድመው ስለዚህ ነው። ጥላ የፀሐይን ሙቀት ያስቀራል፣ በቀን በከንቱ የሚተነውንም ውሃ ያድናል፤ ለፏፏቴው የሚቀረው ሥራም ያንሳል። ፏፏቴ ብቻውን ያለ ጥላ የሚያስነሣ ሰው ግን በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደሚቀዳ ነው።

ሌላም ጥቃቅን ነገር አለ። ሙቅ ውሃ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ነገር ቶሎ ያበቅላል፤ ፀሐይ ደግሞ ክሎሪኑን ትጨርሰዋለች፤ ስለዚህ ጥላው መድኃኒትም ያስቆጥባል። ውሃ ሲረጭ ግን የአሲዱ መጠን እየቀነሰ ስለሚሄድ በየሳምንቱ እየለኩ ማስተካከል ያሻል። መሰላሉንም ማታ ማታ እናነሣው ነበር። ይህ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ሕፃናት ላሉበት ቤት የሚያዝዘው ነው፤ ሕግ ባይኖርም እንኳ የሚንፏቀቅ ሕፃን ያለው ጎረቤት ለነበረን ለእኛ ግዴታችን ነበር።

አሁን ደግሞ ገንዳው ከጨዋታ በላይ የሆነበትን ሌሊት ልንገርዎ። ልመለስ አራት ቀን ሲቀረኝ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የቤቱ አየር ማቀዝቀዣ አንድ ጊዜ ተንገጫግጮ ዝም አለ። የአጎቴ ልጅ ሥራ ላይ ነው። ሚስቱ ጠጋኞቹን በስልክ ብትጠይቅ፣ ከሁለት ቀን በፊት መምጣት እንደማይችሉ ነገሯት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የቤቱ ውስጥ 35 ደረሰ። እትዬ ምንም አላሉም፤ ዝም ማለታቸው ነው ያስፈራኝ። ፊታቸው ደርቋል፣ ላብ የለውም፣ ስጠራቸውም ዘግይተው ነው የሚመልሱልኝ። በዚያ በጋ በማሪኮፓ አውራጃ ስንት አረጋውያን በቤታቸው ውስጥ እንደ ሞቱ በየቀኑ በዜና እንሰማ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ በሐሩር ምክንያት የሞቱት 645 ሆነው ተቈጠሩ። በቤት ውስጥ ከሞቱትም የብዙዎቹ ማቀዝቀዣ የማይሠራ ሆኖ ተገኝቷል።

ፍራሹን አውጥተን ከሸራው ሥር፣ ከገንዳው ጎን አነጠፍነው። ነጠላቸውን በገንዳው ውሃ ነክረን አለበስናቸው፤ እግራቸውን በሳፋ ውስጥ አስገባን፤ የኤሌክትሪክ ማራገቢያውን በረጅም ገመድ አውጥተን አስነሣንባቸው። ልጆቹ ተራ እየገቡ ነጠላውን ያርሱታል። ጥቂት ጥቂት ውሃም አጠጣናቸው። ግማሽ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «እኔን ደግሞ እንስራ አደረጋችሁኝ?» አሉ። የልጃቸው ሚስት ፊቷን አዙራ ስታለቅስ አየኋት። የሆነ ሆኖ በገንዳ ተመክተን አላደርንም፤ ማቀዝቀዣው ደህና ወደ ሆነ ወዳጅ ቤት በመኪና ወሰድናቸው፤ ማቀዝቀዣው እስኪጠገንም እዚያው ቆዩ። እንዲህ ያለ ወዳጅ የሌለው ሰው በአውራጃው ውስጥ ቤተ መጻሕፍትና ሌሎች ቤቶች ለዚሁ ተብለው በቀን ይከፈቱለታል።

በመጨረሻው ማለዳ ሻንጣዬን ስዘጋ እትዬ ጠርተው፣ ለገና የሚመጣ ሰው ስታገኝ ላክልኝ ብለው አንድ ነገር አዘዙኝ። በርበሬ ወይም ሽሮ መስሎኝ ነበር። «እንስራ» አሉኝ። አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ከሽሮ ሜዳ ሁለት መካከለኛ እንስራ ገዝቼ፣ በገለባና በጋዜጣ ጠቅልዬ ላክሁ። አንዱ በመንገድ ተሰበረ። ሁለተኛው አሁን ከገንዳው አጠገብ ከሸራው ሥር ቆሟል፤ ልጆቹም ዋኝተው ሲወጡ የሚጠጡት ከእርሱ ነው ብለው ጽፈውልኛል።